ወደ ወንዝ ከመውረድ በፊት

ባለፈው ወር በዚህ ዐምድ ልጆች በክረምት ዕረፍት በቤት ውስጥ ሊያደርጉት ስለሚገባ ጥናትና ሥራ ጥቂት ተነጋግረን ነበር። ከዚያ በኋላ አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አገኙኝና፣ «መምህር፣ በቤት ስለ መቀመጥ ጽፈዋል፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን የእኔ ልጅ በቤት አይቀመጥም። ከጓደኞቼ ጋር ወንዝ ልውረድ እያለ ዕለት ዕለት ይለምነኛል። ብከለክለው ተደብቆ ይሄዳል፤ ብፈቅድለት እስኪመለስ ድረስ ልቤ አያርፍም። ምን ልበለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያ ሰዓት የሰጠኋቸው መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። የዛሬው ጽሑፍ ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ለሚጨነቁ ወላጆች ሁሉ የዘገየ መልስ ነው።

ጥያቄው በወቅቱ የመጣ ነው። አሁን ያለነው በነሐሴ ነው። የቡሄ ልጆች ከመንደር ወደ መንደር ሲዞሩ ጅረት ይሻገራሉ። ፊታችን ጳጉሜን ነው፤ በጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ ሕዝባችን በዝናብና በወንዝ ውኃ ሲጠመቅ የኖረ ነው። ከዚያም ዘመን ሲለወጥ ልጆች ዐደይ አበባ ሊለቅሙ ወደ መስኩና ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። ይህ ሁሉ ደስታ የሚመጣው ግን ወንዞቻችን በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በሚሞሉበት ወራት መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

እኔ «ልጅን ከውኃ ፈጽሞ አርቁ» የሚል ምክር አልሰጥም። መዋኘት ሰውነትን ያጠነክራል፤ የዋና ትምህርት ያገኘ ልጅም በአደጋ ጊዜ ራሱን ለማዳን የተሻለ ተስፋ አለው። ከወንዝ ጋር የሚያድግ የገጠር ልጅ ውኃን ሳይነካ ሊኖር አይችልም። የምለው ሌላ ነው። ይኸውም ወንዝ የሚመረመርበት ዕውቀት አለ፤ ያም ዕውቀት በሽማግሌዎቻችን ዘንድ የነበረ፣ በዘመናዊውም ትምህርት የተረጋገጠ ነው፤ ልጁ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ከእኛ ሊሰማው ይገባል።

ይህን የምለው እኔ ራሴ ሳላውቀው መምህር የነበርሁ ሰው ስለ ሆንሁ ነው። ከዛሬ 18 ዓመት በፊት፣ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በሚያዝያ ወር በአንድ ቅዳሜ 23 ተማሪዎች ይዤ ከጅጋ ወደ ብር ወንዝ ወረድሁ። ስንቅም ኳስም ይዘን ነበር። ሰማዩ ከራሳችን በላይ ጠርቷል። ውኃው ከቍርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ያለ፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር እስኪቈጠር ድረስ ንጹሕ ነበር። በስተሰሜን ብቻ፣ ከሩቁ ደጋ ላይ፣ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። እኔም አየሁት፤ «ያ ሩቅ ነው» ብዬ ተውሁት። ከልጆቹ ግማሾቹ ገላቸውን ይታጠቡ፣ ግማሾቹ በወንዙ መካከል ባለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ልብሳቸውን አስጥተው ይጫወቱ ነበር።

በማዶ አንድ ሽማግሌ ከብት ያጠጡ ነበር። ድንገት ከብቶቻቸውን ጠጥተው ሳይጠግቡ በበትር እየመቱ ወደ ዳገቱ መንዳት ጀመሩ። ከዚያም ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «ልጆቹን አውጣ! አንተ መምህር፣ ልጆቹን አውጣ!» ብለው ጮኹ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ቍጣ ነበር፤ በተማሪዎቼ ፊት ተጮኾብኛልና። ሆኖም ድምፃቸው የሚናቅ ስላልነበረ ልጆቹን ጠራሁ። ሁሉም ወጡ፤ አንድ ትንሽ ልጅ ግን ሸሚዙን ረስቶ ኖሮ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ጎርፉ ሰዎች እንደሚያወሩት እንደ ግድግዳ ቆሞ አልመጣም። በመጀመሪያ ውኃው ደፈረሰ። ቀጥሎ ገለባና ቅጠል ይዞ መጣ። ከዚያም ከላይ በኩል ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚሰማ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ። ወደ ልጁ ስመለከት በድንጋዩ ዙሪያ ያለው ውኃ እስከ ጕልበት ደርሶ ነበር። ድንጋዩ ለማዶው ዳር ይቀርብ ነበርና ሽማግሌው አንድ እጃቸውን በዛፍ ሥር አጥብቀው ይዘው፣ በሌላው ረጅሙን በትራቸውን ዘርግተው ልጁን ሳቡት። እኔ የቀሩትን ልጆች ቈጥሬ ሳበቃ ድንጋዩ አይታይም ነበር። ልጁ ከሽማግሌው ጋር በማዶ፣ እኛ በወዲህ ሆነን፣ ውኃው እስኪጐድል ድረስ እስከ ምሽት ስንተያይ ቈየን።

ሲጐድል ተሻግሬ፣ «አባቴ፣ በምን ዐወቁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከጠዋት ጀምሮ ላይኛው አገር ሲያጕረመርም ነበር። ኋላም ውኃው አፈር አፈር ሸተተኝ። ልጄ፣ አንተ ያየኸው ከራስህ በላይ ያለውን ሰማይ ነው፤ ወንዝ ግን የሚያመጣው የላይኛውን አገር ሰማይ ነው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ታሪኩ በደስታ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ምሽት ለልጁ እናት «ሸሚዙን ውኃ ወሰደው» አልኋቸው እንጂ ልጃቸው ሊወሰድ እንደ ነበረ አልነገርኋቸውም። ሽማግሌው ያስተማሩኝንም ለተማሪዎቼ አላስተማርሁም፤ ነገሩ ተነሥቶ እንዳያሳፍረኝ ፈርቼ ነበርና። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ሌላ ተማሪዬ የፈተና ውጤቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በበጋ ጨርሶ የሚደርቅ አንድ ትንሽ ጅረት ሲሻገር ተወሰደ። አስከሬኑ የተገኘው በማግሥቱ ነው። «ቢያውቅ ኖሮ ይድን ነበር» ብዬ ለመናገር አልደፍርም። እኔ የማውቀውን ሳልነግረው እንደ ሞተ ግን ዐውቃለሁ። ከዚያ ዓመት ወዲህ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ስለ ወንዝ ሳላስተምር ተማሪዎቼን አላሰናብትም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ያ ትምህርት ነው።

አንደኛው ነገር የላይኛውን አገር ሰማይ ማየት ነው። የአገራችንን አቀማመጥ ተመልከቱ። በደምበጫ በኩል ተምጫ፣ በጅጋ በኩል ብር፣ በፍኖተ ሰላም ላህ፣ በቡሬ በኩል ፈጣም፣ ሁሉም ከደጋ ተነሥተው በመጨረሻ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ደጋው እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ የጮቄ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የዘነበ ዝናብ ተዳፋቱን ይዞ ሲወርድ፣ እኛ ፀሐይ በሞላበት መስክ ላይ ተቀምጠን ሳለ ይደርስብናል። ከዚህም በላይ መሬት በሰኔና በሐምሌ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ የነሐሴን ዝናብ እንደ ቀድሞው አይመጥም፤ አብዛኛው በላዩ ላይ ሮጦ ወደ ወንዝ ይገባል። ደኑ ከተመነጠረበት ኰረብታ የሚወርደው ደግሞ የባሰ ይፈጥናል። ስለዚህ ልጃችሁ «ሰማዩ ጠርቷል» ቢላችሁ፣ «የትኛው ሰማይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ወንዙ በሚመጣበት አቅጣጫ ደመና ካለ፣ መብረቅም ከታየ፣ የዚያን ቀን ወንዝ አይወረድም። ዛሬ በብዙ ቤት የእጅ ስልክ አለ፤ ደጋ ለሚኖር ዘመድ ደውሎ «ዘንቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የጥቂት ሳንቲም ጕዳይ ነው።

ሁለተኛው ውኃው ራሱ የሚናገረውን ማድመጥ ነው። የጠራ ውኃ ሲደፈርስ፣ ገለባ፣ ቅጠልና ዐረፋ ሲበዛበት፣ አፈር አፈር ሲሸት፣ ከላይ በኩል የድንጋይ መንከባለል ሲሰማ፣ ጎርፍ መንገድ ላይ ነው። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻ ከታየ ልብስም ጫማም ሳይፈለግ ወዲያው ወደ ከፍተኛ ቦታ መውጣት ይገባል። ያ ልጅ ለሸሚዝ መመለሱን አትርሱ። ውኃ ቀስ በቀስ ሲሞላ ደግሞ ዐይን ይታለላል። ስለዚህ ተማሪዎቼን የማስተምራቸው ይህን ነው፤ ወንዝ ዳር እንደ ደረሳችሁ፣ ልብሳችሁን ከማውለቃችሁ በፊት፣ ውኃው በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ እንጨት ትከሉ። በየጥቂቱ ተመልከቱት። ውኃው እንጨቱን አልፎ አንድ ጣት እንኳ ከፍ ካለ ጨዋታው አብቅቷል። ከራስ በላይ ባለ ቍጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ የደረቀ ገለባም ብታዩ፣ ያለፈው ጎርፍ እስከዚያ ደርሶ እንደ ነበረ የተወልን ምልክት ነውና ልብ በሉት። በወንዝ መካከል ባለ ድንጋይ ወይም በአሸዋ ደሴት ላይ ግን ፈጽሞ አትቀመጡ፤ ውኃው ሲመጣ በሁለቱም ወገን ይዘጋባችኋልና።

ሦስተኛው መለካት ነው። ይህን የምወደው የሒሳብ መምህር ስለ ሆንሁ ብቻ አይደለም። ሰው «ጥልቅ አይደለም» ብሎ ይገባል፤ የሚጥለው ግን ጥልቀቱ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጕልበት የማያልፍ ውኃ ጐልማሳን ሊጥል ይችላል። አለካኩ እንዲህ ነው። በወንዙ ዳር 10 ሜትር በእርምጃ ለዩ። ከላይ በኩል ደረቅ እንጨት ወርውሩና ያንን 10 ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ቍጠሩ። በ10 ሰከንድ ከጨረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜትር ነው፤ በ5 ሰከንድ ከጨረሰ 2 ሜትር ነው። ጥልቀቱን ከዳር ሆናችሁ በረጅም ዘንግ ለኩና በሜትር የተለካውን ጥልቀት በፍጥነቱ አባዙት። የአውስትራልያ የጎርፍ ባለሙያዎች ውጤቱ ከ0.4 ካለፈ ለልጆች፣ ከ0.6 ካለፈም ለዐዋቂ የሚያሰጋ መሆኑን ወስነዋል። እንግዲህ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውኃ ውጤቱ 0.5 ነው፤ ለጐልማሳ የሚገባ ቢመስልም ለልጅ አይገባም። በጣም ትንንሽ ልጆች ግን ስሌቱ ምንም ቢሆን በሚሮጥ ውኃ ውስጥ አይግቡ። ይህን ስሌት ከልጆቻችሁ ጋር በወንዝ ዳር ብትሠሩት፣ ማባዛትንም ጥንቃቄንም በአንድ ጊዜ ይማራሉ።

አራተኛው ዓምና ያወቃችሁትን ወንዝ ዘንድሮ ዐውቀዋለሁ አለማለት ነው። ክረምት በየዓመቱ የወንዙን ሥር ይለውጠዋል፤ አምና አሸዋ የነበረው ዘንድሮ ጕድጓድ ይሆናል። ለቤት መሥሪያ አሸዋ የሚወጣበት ቦታም ከውኃው በታች ድንገተኛ ገደል ያለው ነው። ወንዝ በሚታጠፍበት በውጭው በኩል ውኃው ይጠልቃል፤ ዳሩም ይናዳል። ከፏፏቴ ሥር ያለው ውኃ ወደ ታች እየጐተተ ይመልሳልና ጐበዝ ዋናተኛን ሳይቀር ያደክማል። ሥሩ ወደማይታይ ውኃ በራስ መዝለል አንገትን ይሰብራል። ትንሹን ጅረት ደግሞ ከሁሉ አብልጣችሁ ፍሩ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ከእንግሊዝ አገር የመጡ ወታደሮችና ሊቃውንት፣ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት፣ ዓባይን በጀልባ ለመውረድ ተነሥተው ነበር። ጀልባ፣ ገመድ፣ መንሳፈፊያና አውሮፕላን ሳይቀር ነበራቸው። ከእነርሱ አንድ ወታደር የሰጠመው ግን በራሱ በዓባይ ሳይሆን ገባር ወንዝ ሲሻገር ነበር። ሰው ታላቁን ወንዝ ይፈራዋል፤ ትንሹን ይንቀዋል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስለዚህ የተነገረ ይመስለኛል።

አምስተኛው ዐይን የማያየው ነው። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ከጠራና ከጐደለ በኋላ ሌላ ጠላት ይመጣል፤ ይኸውም ቢልሃርዝያ ነው። በዝግታ በሚሄድ ወይም በቆመ ውኃ፣ ሣርና ቅጠል ባለበት ዳር፣ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። ሕመሙን የሚያመጣው ትል ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውኃ ውስጥ ይዋኛል፤ የሰውንም ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በስቶ ይገባል። እጅግ የሚበዛው ፀሐይ በሚበረታበት ጊዜ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ነው፤ ይህም ልጆች ሊዋኙ የሚወዱት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀንድ አውጣና ሣር ካለበት ዳር መራቅ፣ በወንዝ ዳርም አለመጸዳዳት ያስፈልጋል፤ ትሉ ወደ ውኃው የሚገባው በሰው ዐይነ ምድር ነውና። ለመታጠቢያ የተቀዳ ውኃ በዕቃ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ቢያድር ትሉ ይሞታል። ልጃችሁ ሆዱን ቢያመው፣ ዐይነ ምድሩም ደም ቢኖረው፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ፍቱን መድኀኒት አለው። በዚህ ነገር አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ለዓለም ያበረከተውን ማስታወስ ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም.፣ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላየ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ገለጠ። እናቶቻችን በየወንዙ ያጠቡበት ፍሬ የሊቃውንት ምርምር ሆነ። እርሱም ያን ያገኘው ወንዝ ዳር ቆሞ በማስተዋሉ ነው።

ስለ ሐይቅም ጥቂት ልጨምር። ከእኛ አገር ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸውን ለጕብኝት ወደ ባሕር ዳር ይወስዳሉ፤ በመንገድም በእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገና ሐይቅ ያሳያሉ። ሐይቅ ጎርፍ ስለሌለው የሚታመን ይመስላል፤ ነገር ግን የራሱ ጠባይ አለው። ዘንገና እሳተ ገሞራ የቈፈረው ክብ ጕድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር ያልፋል። ዳሩ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ጥቂት እርምጃ ከገቡ በኋላ እግር የሚቆምበት ይጠፋል። ለማየት ድንቅ ነው፤ ለልጆች መዋኛ ግን አይሆንም። ጣና በተቃራኒው ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነፋስ ሲነሣበት ፈጥኖ ይናወጣል። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ጣና ከቀትር በኋላ ማዕበል ያነሣል። ስለዚህ ወደ ገዳማቱ የሚሻገር ሁሉ በጠዋት ይሂድ፤ ነፋስ ሳይነሣም ይመለስ። ጀልባው ከልኩ በላይ ሰው ካሳፈረ፣ ለእያንዳንዱም ልጅ መንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለው፣ ገንዘብ ተከፍሎም ቢሆን አለመሳፈር ይሻላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጕማሬ ስላለ በማለዳና በምሽት ወደ ዳሩ አትቅረቡ።

አሁን ደግሞ ሰው በውኃ ሲወሰድ ስለሚደረገው እንነጋገር። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በዓለም 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከ29 ዓመት በታች ነበሩ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጁላይ 25ን፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18ን፣ መስጠምን የመከላከያ ቀን አድርጎ ሰይሟል። ቀኑ በእኛ ዘንድ በክረምቱ መካከል መዋሉ ለትምህርት የተመቸ ነው።

የሚሰጥም ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮኽም። አፉ ከውኃ በታችና በላይ ሲል ለትንፋሽ እንጂ ለጩኸት ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ልጆች ሲዋኙ የሚጠብቅ ዐዋቂ በጆሮው ሳይሆን በዐይኑ ይጠብቅ። ሰው ሲወሰድ ስታዩ ተከትላችሁ አትግቡ። አንዱን ሊያድን የገባ ሁለተኛ የሚሞትበት ብዙ ነው። በትር ዘርጉ፤ ነጠላችሁን ወይም ጋቢያችሁን ጠምዝዛችሁ ወርውሩ፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስራችሁ ጣሉለት። ወንዝ ስትወርዱ ጀሪካንና ገመድ ይዛችሁ ብትወርዱ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ሕይወት ነው። ከወጣ በኋላ በእግሩ ይዞ መዘቅዘቅና ሆዱን መጫን የቈየ ልማድ ነው፤ ጊዜ ከማባከኑም በላይ ይጐዳል። ትንፋሽ ከሌለው በጀርባው አስተኝታችሁ፣ ራሱን ጥቂት ወደ ኋላ አዘንብላችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ካልነቃ የደረቱን መካከል በፍጥነት 30 ጊዜ ተጫኑ፤ 2 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ፤ የሕክምና ርዳታ እስኪገኝ ድረስ ይህንኑ ደጋግሙ። የዳነ ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በሳንባው የገባው ውኃ ቈይቶ ሊጐዳው ይችላልና።

በመጨረሻ ወደ ጳጉሜን እንመለስ። በዲቁና ያደግሁ ነኝና የዚህን በዓል ደስታ ዐውቀዋለሁ፤ ሌሊት ተነሥተን ከእናቶቻችን ጋር ስንወርድ የነበረው ብርድ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ነገር ግን በረከት በውኃ ጥልቀት አይለካም። በዝናብ የተጠመቀ፣ ከዳር በእንስራ ወይም በጀሪካን ተቀድቶ የፈሰሰለት፣ በወንዙ መካከል ከቆመው ያነሰ አላገኘም። እናቶቻችን ልጆቻቸውን ከዳር አስቀምጠው በቅል እያፈሰሱ ያጥቡን የነበረው ከእምነት ማነስ ሳይሆን ከማስተዋል ነው። በጥምቀትም፣ ወንዙ ቢጐድልም፣ ሕዝብ ሲጋፋ ትንንሽ ልጆች ወደ ውኃው ይገፋሉና እጃቸውን ይዛችሁ ቁሙ።

እንግዲህ ለጠየቁኝ እናት መልሴ ይህ ነው። እመቤቴ፣ ልጅዎን አይከልክሉት፤ ብቻውንም አይልቀቁት። ከጳጉሜን በፊት በአንድ ቀን አባቱ ወይም አጎቱ ይዞት ይውረድ። በወንዙ ዳር ከብት የሚያጠጣ ሽማግሌ ካገኙ ሰላምታ ሰጥተው ወንዙ የት እንደሚጠልቅ፣ ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ። ልጁም እንጨቱን ራሱ ይትከል፤ ፍጥነቱን ራሱ ይቍጠር። ከዚያም አንድ ቀን፣ ሁሉም ጓደኞቹ በገቡበት ሰዓት፣ «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ከዳር ቢመለስ አያፍሩበት። በዚያ ቅዳሜ እኔ መምህሩ ይህን ቃል መናገር አልቻልሁም ነበር፤ ከማዶ ሆነው ስለ እኔ የተናገሩት እኒያ ሽማግሌ ናቸው። እርሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። ያስተማሩኝን ግን ዘግይቼም ቢሆን ለእናንተ አድርሻለሁ።

የሚመጣው ወር አዲስ ዓመት ነው። እስከዚያው ልጆቻችሁን በደኅና ጠብቆ በዐደይ አበባ ያገናኘን።